እህቴ ሳታውቅ

የከተማው ቤተ መጻሕፍት የቅዳሜ ጸሐፊዎች የማይሻር ደንብ አላቸው፤ የጻፈ ሰው የራሱን አያነብም። ጽሑፉን ስም ሳያሰፍርበት ያጥፍና፣ ድሮ ተመላሽ መጻሕፍት ይገቡበት በነበረው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ይከተዋል። ጋሽ ቃለ ጉባኤ ሁሉንም በእጃቸው ይገለብጣሉ፤ ዋናውን ቀዳደው ይጥላሉ፤ ግልባጩን አጥፈው ወደ ሣጥኑ ይመልሳሉ፤ የገለበጠም አያነብም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዕጣ ይወጣል፤ የወጣለት ያነባል።

ጋሽ ቃለ ጉባኤ ሠላሳ ዓመት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቅጽል ስሙን ያወጣላቸው ከጸሐፊዎቹ አንዱ የሆነው በያጅ ነው፤ እሳቸውም ወደውታል። የክስ ማመልከቻም ይሁን የፍቅር ደብዳቤ፣ እሳቸው ከገለበጡት ፊደሉ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ቀጥ ብሎ ይሰለፋል። የማን ጽሑፍ እንደሆነ አውቀውት እንደሆነ የጠየቃቸው ሰው ካለ፣ «እኔ እጅ እንጂ ዓይን የለኝም» ይሉታል።

ደንቡን ያወጣችው የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ናት። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሁሉም የየራሱን እንዲያነብ ስትጠይቅ፣ አሥራ ሁለቱም ተሳታፊዎች ጫማ ጫማቸውን ሲያዩ ቆዩ። ከእነሱ አንዷ፣ ልብስ ሰፊዋማ፣ መርፌ የጠፋባት ይመስል ጠረጴዛው ሥር እንዳጎነበሰች ቀረች። ኃላፊዋ ወጣት ብትሆንም ብልህ ናት። ሳምንቱን ስታስብ ከረመችና ሣጥኑን ከዕቃ ቤት አውጥታ፣ አቧራውን ጠርጋ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ የሚያነብ ሰው ችግር ጠፋ።

ልብስ ሰፊዋ አርባ ሁለት ዓመቷ ነው። ሱቋ ከቤተ መጻሕፍቱ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ያለችው ጠባብ ክፍል ናት። ከአፏ ስፒል ስለማይለይ፣ ሰው ዝምታዋን በስፒሉ ያሳብባል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ስፒሉን አስቀምጣ ትጽፋለች፤ የጻፈችውን በሌላ ሰው አፍ ስትሰማው ደግሞ ሌላ ሰው የጻፈው ይመስላትና ደስ ይላታል።

ያን ሰሞን ኃላፊዋ አንድ ርእስ ሰጠች። «ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ የማያውቁት ነገር» አለች። «መጀመር ከከበዳችሁ፣ ‹እህቴ ሳታውቅ› ብላችሁ ጀምሩ።»

ልብስ ሰፊዋ እስክሪብቶዋን ካነሳች አላስቀመጠችውም። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሆዷ ውስጥ የኖረው ነገር በአንድ ገጽ ተኩል አለቀ። ሣጥኑ ውስጥ ስትከተው ቅልል አላት። ቅለቱ የቆየው ግን እስከ ማክሰኞ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ታላቅ እህቷ ቀሚስ ልትለካ መጣች። ልብስ ሰፊዋ «እትዬ» ትላታለች፤ በዐሥር ዓመት ትበልጣታለች። የዳቦ ቤት ባለቤት ናት፤ ድምፅዋም የዳቦ ቤት ድምፅ ነው፣ ከባንኮኒ ማዶ ካለው ሰልፍ ጋር ሲነጋገር የኖረ።

«ወገቡን ሰፋ አድርጊልኝ» አለች እትዬ።

«እሺ።»

«ክንዱንም።»

«እሺ።»

«ኪስም ጨምሪበት። ሁለት። ትልልቅ።»

«እሺ እትዬ።»

«እና ቅዳሜ ለቤተ መጻሕፍቱ ዳቦ አደርሳለሁ። ያቺ ኃላፊዋ፣ እንግዳ ሁሉ ይጋበዛል፣ እንዲያውም ዕጣ አውጥተው የሚያነቡት እንግዶቹ ናቸው አለችኝ። ዳቦውን ካደረስኩ አይቀር ቁጭ ብዬ ያንቺንም እሰማለሁ።»

«ስም እኮ የለበትም።»

«ሚጢ፣ እኔ አንቺን ከመንገድ ማዶ በሳልሽ አውቅሻለሁ። በጽሑፍሽ ትጠፊኛለሽ?»

ልብስ ሰፊዋ ስፒሉን ጨርቁ ላይ እሰካለሁ ብላ ጣቷ ላይ ሰካችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታቸው በሞተች በሁለተኛው ዓመት፣ እትዬ አሥራ ዘጠኝ ሲሞላት፣ ሩቅ ከተማ ካለ የነርሶች ማሠልጠኛ ተቀብለንሻል የሚል ወረቀት መጣላት። አናጢው አባታቸው ወረቀቱን ለሰፈሩ ሁሉ አዞረው። ማሠልጠኛው መምጣቷን በጽሑፍ እንድታረጋግጥ ጠይቆ ነበርና፣ እትዬ ሦስት ቀን ስትጽፍ ሰነበተች። በሰማያዊ ፖስታ አሽጋ ለትንሽ እህቷ ሰጠቻት፤ ትምህርት ቤት ስትሄጂ ፖስታ ቤት አስገቢልኝ አለቻት። ልጅቷ ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ደርሳ ቆመች። ደብዳቤው ከሄደ እትዬ ትሄዳለች። እትዬ ከሄደች ጠጉሯን የሚሠራላት የለም፤ አባባ ሥራ ሲያመሽ አብሯት የሚቀመጥ የለም። ጉዞዋን ወደ ትምህርት ቤት ቀጠለች፤ ደብዳቤውን የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ ወዲያ ከማሠልጠኛው አንድም ቃል ሳይመጣ ቀረ። ቦታው ለሌላ ልጅ ተሰጠ። አባባ የፖስታ ቤቱን ሠራተኛ፣ የልጄን ደብዳቤ አጥፍተሃል ብሎ በሰው ፊት አዋረደው። እትዬ ዳቦ ቤት ተቀጠረች፤ ቆይቶ ዳቦ ቤቱ የራሷ ሆነ። አንድም ቀን ስታማርር ተሰምታ አታውቅም። ልብስ ሰፊዋን ውስጥ ውስጡን የሚበላት ይሄ ነበር፤ ብታማርር ኖሮ ይሻላት ነበር። አባባም ካለፈ ወዲህ የቀረቻት እትዬ ብቻ ናት፤ እሷ ፊቷን ካዞረችባት ወዴት ትሄዳለች?

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ መጽሐፍ ልመልስ ብላ ቤተ መጻሕፍት ሄደች። ኃላፊዋ ስልክ ለማናገር ወደ ደጅ ወጣ አለች። ሣጥኑ ጠረጴዛው ላይ ነበር። በሕይወቷ የሰው መርፌ እንኳ አንስታ የማታውቀው ሴት ክዳኑን ከፈተች። ውስጡ አሥራ ሁለት እጥፍ ወረቀት፣ ሁሉም በጋሽ ቃለ ጉባኤ እጅ። አንዱን ገለጥ አድርጋ አየች፤ «ወንድሜ ሳያውቅ» ይላል። መለሰችው። ሌላ ገለጠች፤ «እህቴ ሳታውቅ» ይላል። የኃላፊዋ ጫማ ኮሪደሩ ላይ ቀጭ ቀጭ ሲል ተሰማ። ወረቀቱን አጠፈችና ቦርሳዋ ውስጥ፣ ከመቀሷና ከሜትሯ መሃል ወሸቀችው።

«መጽሐፉን ወደሽው?» አለች ኃላፊዋ።

«በጣም» አለች ልብስ ሰፊዋ። ጆሮዋ እሳት መስሏል።

ቤቷ ገብታ ወረቀቱን ለማየት አልደፈረችም። ያንን አጀማመር ኃላፊዋ ለሁሉም እንደሰጠች እንኳ ትዝ አላላትም። እፎይ ብላ ተኛች፤ ከማክሰኞ ወዲህ እንቅልፍ ሲወስዳት ያን ዕለት የመጀመሪያዋ ነበር።

ቅዳሜ የንባብ ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ። ጠረጴዛዎቹ ወደ ግድግዳ ተጠግተው ወንበር ተደርድሯል። ሥዕል የሚማሩት ልጆች የሠሩት ሁሉ ባንድ በኩል ተለጥፏል፤ በሌላው በኩል የተነበበው ጽሑፍ የሚለጠፍበት ባዶ ሰሌዳ አለ። በያጁ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ የብየዳ ጢስ የጠገበ እጁን ጉልበቱ ላይ አጣምሮ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ልብስ ሰፊዋ በመስኮቱ በኩል መሃል ወንበር ላይ ናት። ቦርሳዋን በክንዷ ይዛዋለች።

መጀመሪያ አንድ መምህር አነበቡ፤ ስለ አንድ ወንድም ጫማ ነበር፤ ሰው ሳቀ። ከዚያ አንዲት ሴት አነበበች፤ ስለ አንድ ያልተሰጠ ሰላምታ ነበር፤ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ሌሎችም ተራ በተራ ካነበቡ በኋላ ኃላፊዋ ሣጥኑን ይዛ ዞር ዞር አለችና እትዬ ፊት ቆመች።

«ኧረ ተይኝ» አለች እትዬ። «እኔ ዱቄት እንጂ ወረቀት አላውቅም።»

«ዳቦ ቤት ደጃፍ የለጠፉትን ማስታወቂያ የጻፈው ታዲያ ማነው?» አለ በያጁ። «‹ዱቤ የሚጠይቅ ከእኔ ጋር አይተያይ› የሚለውን። ከተማው ውስጥ እንደሱ የተነበበ ጽሑፍ የለም እኮ።»

ሰው ሳቀ፤ እትዬም ሳቀችና እጇን ሰደደች። ልብስ ሰፊዋም አብራ ሳቀች። ምን ያስፈራታል? የሷ ወረቀት እዚህ ብብቷ ሥር ነው።

እትዬ ወረቀቱን ገለጠች፤ መነጽሯን አስተካከለች።

«‹እህቴ ሳታውቅ ሕይወቷን ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት።›»

ከኋላ የሆነ ሰው ሳቅ አለ። ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። ልትነሳ ፈለገች፤ ግን በግራም በቀኝም ሰው ነው።

«‹ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ፖስታው ሰማያዊ ነበር።›»

የእትዬ ድምፅ አልተንቀጠቀጠም፤ ዝግ አለ እንጂ። ባንኮኒ ማዶ የሚሰማው ድምፅ ጠፍቶ፣ ድሮ ማታ ማታ ጠጉር እየሠራች ታወራበት የነበረው ድምፅ መጣ።

«‹ወዲያው አልሰመጠም። እንጨት ፈልጌ ገፋሁት። ከዚያ ክፍል ገባሁ፤ የዚያን ቀን ሒሳብ ዐሥር ከዐሥር አገኘሁ። ማታ እህቴ አስገባሽልኝ ወይ አለችኝ። አስገባሁት አልኳት። ደስ ብሏት ሳመችኝ።›»

እስከ መጨረሻው አነበበችው። አንድም ቃል አልዘለለችም። ልብስ ሰፊዋ የሰማችው ግን ሁሉንም አይደለም፤ ጆሮዋ ውስጥ ውሃ የገባ ይመስል ነበር። የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ሰማች። «‹እህቴ ነርስ አልሆነችም፤ በታመምኩ ቁጥር ግን አጠገቤ የምትቀመጠው እሷ ናት፤ ያን ጊዜ ሁሉ ልነግራት አፌን እከፍትና ውሃ ስጪኝ እላታለሁ።›»

ሰው አጨበጨበ። እትዬ ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈችው፤ መነጽሯንም አወለቀች።

«ወዲህ ይስጡኝ፣ እለጥፈዋለሁ» አለች ኃላፊዋ።

«ይሄ አይለጠፍም» አለች እትዬ። «እኔ ዳቦውን ልቁረጥ።» ወረቀቱን እጇ ውስጥ እንደያዘች፣ የተቀደዱ መጻሕፍት ወደሚጠገኑባት ጓዳ ገባች።

ልብስ ሰፊዋ ሰዎቹን ይቅርታ እያለች፣ የአንዱን እግር እየረገጠች ተከተለቻት። ለምን እንደተከተለቻት እሷም አታውቅም። መሸሽ ብትፈልግ መውጫው በር በሌላ በኩል ነበር።

ጓዳዋ ሙጫ ሙጫ ትሸታለች። ጀርባቸው የተገነጠለ መጻሕፍት በክር ታስረው መደርደሪያው ላይ ተቀምጠዋል። እትዬ ትልቁን የዳቦ ቢላ ይዛ፣ ዳቦውን ሳትቆርጥ ቆማለች።

«በሩን ዝጊው።»

ዘጋችው።

«ፖስታው ጥግ ላይ አበባ ነበረው» አለች እትዬ።

«አበባውን አላስታውሰውም።»

«እንዴት አታስታውሺም? ግማሽ ቀን ሙሉ ነው የሣልኩት።»

እትዬ ወደሷ አንድ እርምጃ ቀረበች።

«ከፍተሽው ነበር?»

«አልከፈትኩትም። እትዬ፣ እኔ…»

«ቆይ። አልከፈትሽውም። እና ምን የሚል ይመስልሽ ነበር?»

«እመጣለሁ የሚል ነዋ።»

እትዬ ቢላውን አስቀመጠች። የተገነጠሉት መጻሕፍት አጠገብ ያለች በርጩማ ላይ ቁጭ አለች።

«አልመጣም ነው የሚለው» አለች።

ከውጭ የሚቀጥለው አንባቢ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ቃሉ ግን አይለይም።

«እኔን ለማጽናናት ነው እንዲህ የምትይው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«አንቺን? አንቺንማ አሁን በዚህ ዳቦ ብመታሽ ነው የሚሻለኝ። ሚጢ፣ አባባ እጁን መጋዝ የቆረጠው ጊዜ ማነው የወደቀው?»

ልብስ ሰፊዋ አሰበች። የአናጢው ግቢ፣ የእንጨት ፍቅፋቂ፣ ደም። አባባ አንድ እጁን በጨርቅ ጠምጥሞ በሌላው ውሃ ይረጫል። የሚረጨው እትዬ ላይ ነበር፤ እትዬ መሬት ላይ ተዘርግታለች።

«አንቺ» አለች።

«እኔ። ደሙ የሱ፣ የወደቅኩት እኔ። እኔን ነርስ? በሽተኛው ነበር የሚያስታምመኝ። ያመለከትኩት አባባ አመልክቺ ብሎኝ ነው፤ ማለፌን ስሰማ ሁለት ቀን እህል አልበላሁም። እሱ ለሰው ሁሉ አውርቷል፤ አልሄድም ካልኩት ይሞትብኛል ብዬ ፈራሁ። ደብዳቤው ‹አልመጣም› ይበል፤ ለአባባ ደግሞ እነሱ መልስ አልሰጡኝም እለዋለሁ አልኩ። ራሴ ይዤው እንዳልወጣ አባባ ላንብበው ይለኛል። ለዚህ ነው ያንቺ ደብተር ውስጥ የከተትኩት።»

«መልስ ሲጠፋስ?»

«ተመስገን አልኩ። ገብቷቸው ዝም አሉ ብዬ ነዋ።» እትዬ እጥፉን ወረቀት ጉልበቷ ላይ አገላበጠችው። «የፖስታ ቤቱን ሰውዬ ግን በድለነዋል። አባባ ሲሰድበው እኔም አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ ዝም አልኩ። ከዚያ ተዘዋውሮ ሄደ፤ የት እንደገባ አላውቅም።»

«እኔም ቆሜ ነበር» አለች ልብስ ሰፊዋ።

እትዬ ወረቀቱን እንደገና አጠፈችው።

ከዚያ እትዬ ድንገት ቀና አለች። ፊቷ ተቆጥቷል፤ የእውነት ቁጣ።

«ግን እንዲያው ምን ዓይነት ልጅ ነሽ? እንዲያ ያለ ደብዳቤ ሽንት ቤት? ሦስት ቀን ነው የጻፍኩት! ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደሱ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም። ዲሬክተሯ ሲያነቡት እንባቸው ይመጣል ብዬ ነበር። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ እዚያ ሩቅ አገር አንዲት ሴት ‹ያቺ እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ነበረች› እያሉ ያስቡኛል ብዬ ዱቄት ሳቦካ እኖራለሁ። ለካ ስድ ናት፣ መልስ እንኳ አልሰጠችም ብለውኛል።»

ልብስ ሰፊዋ ልትናገር ሞከረች፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየ ነገር ወጣት። አፏን በመዳፏ ያዘች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«አትሳቂ።»

«እየሳቅኩ አይደለም።»

«እየሳቅሽ ነው። ቆይ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ‹እሺ እትዬ፣ እሺ እትዬ› የምትይኝ ለዚህ ነው እንዴ? እኔ ጸባይሽ መስሎኝ ለሰው ሁሉ ‹የኔ እህት መልአክ ናት› እላለሁ። ማክሰኞ ዕለት ወገቡን አስፊው፣ ክንዱን አስፊው፣ ኪስ ጨምሪ ስልሽ ሁሉ…»

«አያምርም» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ምን?»

«ቀሚሱ። እንዳልሽው ከሠራሁት ጆንያ ነው የሚመስለው። ባለ ሁለት ኪስ ጆንያ።»

እትዬ አፏን ከፍታ አየቻት። ከዚያ ጉልበቷን መታ መታ እያደረገች፣ ከበርጩማው ልትወድቅ እስክትደርስ ድረስ ሳቀች። ልብስ ሰፊዋም ሳቀች፤ አሁን ሳቅነቱ የለየ ሳቅ ነበር። ደረቷ ላይ ተደፍቶ የኖረ ድስት የሆነ ሰው መጥቶ ያነሳላት ያህል፣ አየር እስከ ሆዷ ድረስ ገባ። መቆም አቃታትና መሬት ላይ፣ እትዬ እግር አጠገብ ተቀመጠች። እትዬ እጇን ጠጉሯ ላይ አሳረፈች፤ ዱቄት ነበረው።

በሩ ተንኳኳ። በያጁ አንገቱን አስገባ፤ ሁለቱን መሬትና በርጩማ ላይ ሲያይ ወደ ኋላ ሊመለስ አለ።

«ምን ፈለግህ?» አለች እትዬ።

«አይ… ሣጥኑ ባዶ ሆነ። የተነበበው ዐሥራ አንድ ነው። አንድ ጎደለ። መቼም የማን እንደሆነ አይባልም፤ ግን የአንድ ሰውዬ ጽሑፍ ጠፋ። ሰውዬው ሸሚዝ ሁሉ ገዝቶ ነበር የመጣው።»

ልብስ ሰፊዋ ፊቷ ደም ለበሰ። ቦርሳዋን ከፈተች፤ ከመቀሱና ከሜትሩ መሃል እጥፉን አወጣች፤ አሁን ገና ገለጠችው። «እህቴ ሳታውቅ ተኝታ ሳለች ሹሩባዋን በአባቴ መቀስ ቆረጥኩት» ይላል።

«እኔ ነኝ የወሰድኩት» አለች። «የራሴ መስሎኝ ሰርቄው ነው። ይቅርታ አድርግልኝ። በል፣ ለዚያ ሰውዬ ንገርልኝ።»

በያጁ ወረቀቱን ተቀበላት። አንዴ እሷን፣ አንዴ እትዬን፣ አንዴ ቢላውን አየ።

«ያ ሰውዬ ቂም አያውቅም» አለ። «ግን አሁኑኑ ይነበብለት።»

ተነበበለት። ያነበቡት ጋሽ ቃለ ጉባኤ ናቸው፤ የገለበጠ አያነብም የሚለው ደንብ ለዛሬ ይነሳልኝ ብለው ጠየቁ፤ ኃላፊዋም ፈቀደች። እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ድርቅ አድርገው ሲያነቡት፣ ስለ ሹሩባው ሰው እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ በያጁ ግን የማንም ያልሆነ ነገር እንደሚሰማ ሰው ጣራ ጣራውን አየ፤ አንገቱ ብቻ ቀላ።

ዳቦው ተቆርጦ ከተዞረ በኋላ ሰው በየጥጉ ሲያወራ፣ እትዬ ኃላፊዋ ዘንድ ሄዳ ወረቀትና እስክሪብቶ ጠየቀች። መስኮቱ አጠገብ ያለችውን ጠረጴዛ ሳበችና ተቀመጠች። ልብስ ሰፊዋ ሻይ ይዛላት መጣች፤ ወረቀቱን ላለማየት ፊቷን ወደ ደጅ አዞረች።

«ተቀመጪ» አለች እትዬ። «የዚያን ደብዳቤ ግማሹን ረስቼዋለሁ። ዲሬክተሯ ዛሬ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም፤ ግን ይጻፍ። ‹በታላቅ አክብሮት አሳውቃለሁ› ነበር ወይስ ‹በታላቅ ትሕትና›?»

ልብስ ሰፊዋ ማክሰኞ ቢሆን ኖሮ ‹የፈለግሽውን› ትላት ነበር።

«ሁለቱም የደረቀ ነው» አለች። «ደም እፈራለሁ ብለሽ ጀምሪ በቃ።»

እትዬ ቀና ብላ ረዘም አድርጋ አየቻት። ከዚያ የጻፈችውን ሰርዛ እንደገና ጀመረች።